ሲያፏጭ ይውደም በሉ

ሰው ስለ ወጣትነት ሙዚቃው ሲያወራ ፊቱ ይፈካል፤ እኔን ግን ጥርሴን ነው የሚያመኝ። የሌላው ትዝታ ሳክስፎንና ደብዛዛ መብራት ነው። የኔ ቆርቆሮ፣ መጋዝና የሚያፏጭ ማይክራፎን ነው። በደርግ ጊዜ፣ ናዝሬት ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ማንም ሳያስገድደን በገዛ እግራችን እየሄድን ጩኸት እናዳምጥ ነበር ስል የዛሬ ልጆች ያሾፉብኛል። ይሹፉ። እኛም ስሙን ሳናሳምር "ጩኸት" ነበር የምንለው።

"እሁድ ጩኸት አለ?"

"አለ።"

"የት?"

"ጋራዡ ጋ።"

በቃ፣ ይኸው ነው። ማስታወቂያ የለ፣ መግቢያ የለ፣ ወንበር የለ። የከባድ መኪና ጎማ ላይ ተቀምጠህ ጆሮህን ታስደበድባለህ።

የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻ ታላቅ ወንድሜ ነው። ማትሪክ ወድቆ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ይሠራ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ዘፈን እስከ መጨረሻው ሰምቶ አያውቅም። ሬዲዮ ሲከፍት ጣቢያ አይፈልግም፤ በጣቢያና በጣቢያ መሃል የሚንሿሿውን ነው የሚፈልገው። እዚያ ላይ ያቆምና ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። እናቴ ከጓዳ ትጮሃለች።

"ኧረ ልጄ፣ ጣቢያ አስገባው!"

"ገብቷል እማዬ።"

"ይኼ ገባ ይባላል?"

"አዎ፣ ዛሬ በደንብ ነው የገባው።"

እናቴ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ልጅ ያሳደገች፣ ጠዋት ጠዋት ቤተክርስቲያን ስማ የምትመለስ፣ ድምፅ የማትወድ ሴት ነበረች። የበር ሲጥታ እንኳ ያማታል፤ ማጠፊያውን ዘይት የምትቀባው ራሷ ነበረች። እንዲህ ላለች ሴት እግዜር ያን ልጅ ሰጣት። ቀልድ ያውቃል እኮ እሱም።

እንግዲህ ይህ ልጅ አንድ ቀን ሊጠገን የመጣ ሞንታርቦ አገኘ። ያኔ ለትልቅ ድምፅ ማጉያ ሁሉ ስሙ ሞንታርቦ ነበር። ማይክራፎኑን ወደ ሞንታርቦው አፍ ጠጋ ሲያደርገው፣ ሁላችሁም የምታውቁት ያ ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ወጣ። ሌላ ሰው እንዲያ ሲሆን ተሯሩጦ ያጠፋል። ወንድሜ ጭራሽ አስጠጋው። ከዚያ አራቀው፣ በመዳፉ ሸፈነው፣ ገለጥ አደረገው። ፉጨቱ ይቀጥናል፣ ይወፍራል፣ ያለቅሳል። ማታ ቤት ሲመጣ ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቶ ነበር። "እህቴ፣ ዋሽንት አገኘሁ" አለኝ። ሄጄ ሰማሁት። ዋሽንት አልነበረም፤ ግን በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ ያኔ ብትጠይቁኝ አላውቅም ነበር።

ጋራዡ ወደ አሰብ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ባለቤቱ ሆዱ የገፋ፣ ሳቂታ ኦሮሞ ነበር፤ መጀመሪያ ቀን ወንድሜ ማይክራፎኑን በርሜል ውስጥ አንጠልጥሎ በርሜሉን በመዶሻ ሲመታ፣ "ማል ኩኒ? ኧረ ይኼ ምንድነው?" ብሎ ራሱን ያዘ። ከዚያ ግን ከየትኛውም ሰው ቀድሞ ጎማው ላይ ቦታ የሚይዘው እሱ ሆነ። ከወንጂ ስኳር ፋብሪካ አንድ ሠራተኛ እሁድ እሁድ ይመጣል፤ መጋዝ በማሲንቆ ደጋን እየገዘገዘ ያስለቅሳል። አንድ የሒሳብ አስተማሪ ነበር፣ ዓይኑን ጨፍኖ የሚሰማ፤ ይተኛ አይተኛ እስከ ዛሬ አላወቅንም። አንድ ባለጋሪም ነበር። እሱስ ከልቡ ይወደው ነበር፤ ፈረሱ ግን ጆሮ ነበረው። ደጅ ታስሮ ፉጨቱን እንደሰማ ማሰሪያውን በጥሶ፣ ጋሪውን እንዳንጠለጠለ ወደ ባቡር ጣቢያው ይነጉዳል። ባለጋሪውም በየሳምንቱ ግማሹን ጩኸት የሚያሳልፈው ፈረሱን በማሳደድ ነበር።

ለምን እንደምንሄድ የገባኝ ቆይቶ ነው። እሁድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ አለ፤ የቀረ ሰው ከኅብረት ሱቁ ስኳር አይሸጥለትም። እዚያ ሦስት ሰዓት ሙሉ ወሬ ይወርድብናል። አንድ ቃል ስትሰማ ሌላው ይከተላል፣ ሁሉም ቃል ሌላ ሰው ያወጣው ነው፣ ሁሉንም ደግመህ በል ትባላለህ። ከዚያ ወጥተን ጋራዡ ጋ ስንደርስ ቃል የሚባል ነገር የለም። ቆርቆሮው ይንኳኳል እንጂ ምንም አይልም። ማንም "ምን ማለት ነው? ከየትኛው መስመር ነው?" ብሎ አያፋጥጥህም። እኔ በበኩሌ እዚያ ጎማ ላይ ተቀምጬ ጥርሴን ነክሼ ሳዳምጥ ሳምንቱን ሙሉ ከማገኘው እረፍት የበለጠ አርፌያለሁ። ጉድ ነው፤ ግን እንደዚያ ነበር።

ጎረቤት ግን ነገሩ አልገባውም። አንድ እሁድ ወንድሜና የወንጂው ሰውዬ መጋዙንና ፉጨቱን አገናኝተው እየገዘገዙት ሳለ፣ ከአጥሩ ወዲያ የሚኖሩ አንዲት ትልቅ ሴትዮ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየመቱ ገቡ። ከኋላቸው ሌሎች ሦስት አራት ሴቶች ይከተላሉ።

"ወየው! ማነው? ማነው የሞተው?"

ወንድሜ ማይክራፎኑን አጠፋ። "ማንም አልሞተም እማማ።"

"ታዲያ ይኼ ሁሉ ኡኡታ?"

"ሙዚቃ ነው።"

ሴትዮዋ በርሜሉን አዩ፣ መጋዙን አዩ፣ ጎማ ላይ የተደረደርነውን አዩ። ነጠላቸውን ቀስ ብለው አስተካከሉ። "እኔስ የሞተ ሰው ቢሆን ይሻል ነበር" ብለው ወጡ። እስከ ዛሬ እንደሳቸው አሳምሮ የተቸን የለም።

ወሬው ቀበሌ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። በሚቀጥለው እሁድ ሊቀመንበሩ ራሱ ከአንድ አብዮት ጠባቂ ጋር ከች አለ። ሊቀመንበሩ ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሱሪ ስትሰጠው አሳጥሮ ይመልስልሃል ይባላል። ክፉ ሰው አልነበረም። ፈሪ ነበር፤ ጠብመንጃ የያዘ ፈሪ ደግሞ ያስፈራል። በሩ ላይ ቆሞ፣ "ይህ ምንድነው?" አለ። ሁላችንም ጎማችን ላይ ደረቅን። ባለጋሪው እንኳ ፈረሱን ረሳው። ማይክራፎኑ ብቻ በወንድሜ እጅ ውስጥ ሲይይይ ይላል።

"እኔ እኮ ስጠይቅ ይመለስልኛል! ይህ ምንድነው?"

ወንድሜ ምን እንደያዘው አላውቅም። ዓይኑን እንኳ ሳያርገበግብ፣ "የኢምፔሪያሊዝም መንኮታኮት ነው፣ ጓድ" አለ።

ሊቀመንበሩ ዞር አለ። አብዮት ጠባቂውን አየው፤ አብዮት ጠባቂው ጣራውን አየ። ቀጥሎ ሊቀመንበሩ አንድ ጎማ ጎትቶ ተቀመጠና፣ "ቀጥሉ" አለ። ቀጠሉ። እስከ መጨረሻው ሰማ።

"የቱ ጋ ነው የሚንኮታኮተው?"

"ቆርቆሮው ሲወድቅ።"

"ፉጨቱስ?"

"ፉጨቱ ራሱ ኢምፔሪያሊዝም ነው። ጣር ላይ ሆኖ እየጮኸ ነው።"

"አቤት! ይጩህ!" አለ ሊቀመንበሩ፣ ጉልበቱን በጥፊ እየመታ። እንደዚህ አድርጎ ወንድሜ በአንድ ውሸት የቀበሌው ኪነት አባል ሆነ። እኔ ቀደም ብዬ እዚያው ኪነት ውስጥ ኅብረ ዝማሬ ላይ ነበርኩ፤ ኋላ መስመር ላይ ቆሜ አፌን ነበር የማንቀሳቅሰው።

ይህ ሁሉ ቀልድ መስሏችሁ ከሆነ፣ ያኔ ብሔራዊ ውትድርና የሚባል ነገር መጥቶ ነበር። ወንድ ልጅ ከአውቶቡስ መናኸሪያ፣ ከኳስ ሜዳ፣ ከፊልም ቤት ደጃፍ ይታፈሳል። ወንድሜ ዕድሜው ልክ እዚያው ላይ ነው፤ ሥራው የሬዲዮ ጠጋኝ ረዳትነት ነው፤ ምን ይጠብቀዋል? ሊቀመንበሩ ግን ለእናቴ በግልጽ ነግሯታል። "ኪነቴን አላስነካም። እነሱም የባህል ግንባር ናቸው። ኪነቱ እስካለ ልጅዎ አለ" አላት። እናቴ ስለ ባህልም ስለ ግንባርም የገባት ነገር የለም። የገባት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጇን ያቆየላት ያ የጠላችው ጩኸት መሆኑ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጆሮዋ ውስጥ ጥጥ ወትፋም ቢሆን፣ ማታ ሲገባ ትጠይቀዋለች።

"ዛሬ ጮህክ?"

"ጮህኩ።"

"ሊቀመንበሩ ሰማ?"

"ሰማ።"

"ጎበዝ። በርታና ጩህ።"

ችግሩ ሕዝቡ ነበር። የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ ሰው መቼ እንደሚያጨበጭብ ጠፋው። ገና በርሜሉ ሲመታ የሚያጨበጭብ አለ፤ ካለቀም በኋላ ዝም ብሎ የሚጠብቅ አለ፤ አንዷ አሮጊት ተነስተው ሊወጡ ሲሉ በር ላይ አስቆሟቸው። ሊቀመንበሩ ተናደደ። በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳውን ሁሉ ትቶ ቀበሌውን አሠለጠነ። ወንድሜን ከፊት አቆመውና፣ "ጓዶች፣ ይህን ስሙ" አለ። ወንድሜ አስፏጨው። "ይህ ኢምፔሪያሊዝም ነው። ሲያፏጭ ብድግ ትላላችሁ፣ ግራ እጃችሁን ጨብጣችሁ ወደ ላይ፣ ይውደም! ትላላችሁ። ቆርቆሮው ሲወድቅ ታጨበጭባላችሁ። እንሞክር!" ሞከርን። ደግመን ሞከርን። ስኳር የሚገኘው ከዚህ በኋላ ስለሆነ ማንም አላጉረመረመም። ያ ሁሉ ሕዝብ፣ አሮጊት ሽማግሌው፣ ጡት የምታጠባው፣ ፉጨት ሲሰማ እንደ ስፕሪንግ ብድግ ማለት ለመደ።

ልማዱ ጎዳና ወጣ። ልጆች ያፏጩና፣ ሌሎች "ይውደም!" ይላሉ። ትራፊክ ፖሊሱ ፊሽካውን ሲነፋ አንድ ሰካራም ግራ እጁን አንስቶ "ይውደም!" ብሎ ጣቢያ አደረ። እኛም እየዞርን እናሳይ ጀመር፤ ወንጂ፣ ሞጆ፣ ቆቃ። ሞጆ ላይ የመኪና ቀጥቃጮች ይደገም ብለው አስቸገሩን። ቆቃ ላይ ደግሞ፣ መብራቱ ከሚመነጭበት ግድብ አጠገብ ቆመን፣ መብራት ጠፋብን። ሊቀመንበሩ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ "ኢምፔሪያሊዝም ከተባለው ሰዓት በፊት ወድቋል" ብሎ አስጨበጨበ። ሰውየውን በዚያች ቀን ወደድኩት፤ ምን ይደረግ።

ከዚያ የአውራጃው የኪነት ውድድር መጣ። ሊቀመንበሩ ሰብስቦን ፊቱን አጨማዶ ነገረን። ከላይ ኪነቶች በዝተዋል ተብሏል፤ የተሸነፈው ይፈርሳል፤ ወጣቶቹም "ወደ ሌላ ግንባር ይመደባሉ"። ሌላ ግንባር የትኛው እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። ቤት ገብተን ለእናቴ ነገርናት። ቂጣዋን አስቀመጠች። ከዚያ፣ "እኔም እመጣለሁ" አለች።

"አንቺ? ጩኸት ልትሰሚ?"

"ልጄን ልጠብቅ። ግራ ነው ቀኝ የሚነሳው?"

"ግራ እማዬ።"

ቀኝ እጇ ለማማተብ ስለለመደ እሱ ነበር እየቀደመ የሚነሳባት። ሳምንቱን ሙሉ ጓዳ ውስጥ ብቻዋን ስትለማመድ እሰማታለሁ። "ይውደም። አይ፣ ይኼ ቀኝ ነው። ይውደም።" ሳቄን አፍኜ እወጣ ነበር። አሁን ሳስበው አንጀቴን ይበላኛል።

የውድድሩ ቀን አዳራሹ ጢም ብሏል። ከቆርቆሮው ጣራ የሚወርደው ሙቀት አይጣል ነው። እናቴ ነጠላዋን አጥባ፣ ፊት መስመር ላይ፣ ጥጧን ከጆሮዋ አውጥታ ተቀምጣለች። አዎ፣ አውጥታ። ፉጨቱ እንዳያመልጣት ነው። ቀበሌያችን በሞላ ከኋላዋ ነው። ወንድሜ ወጣ። እንደዚያ ቀን አድርጎ ተጫውቶ አያውቅም። በርሜሉን ሲመታው ወለሉ በእግሬ በኩል ገባብኝ። ሲያስፏጨው እናቴ ከሁሉም ቀድማ ብድግ አለች፣ ግራ እጇ ልክ ቦታው ላይ፤ "ይውደም!" አዳራሹ ተከተላት። ቆርቆሮው ወደቀ። ጭብጨባው ጣራውን ሊያነሳው ምንም አልቀረው። ሊቀመንበሩ ጨርሶ እንባ አውጥቷል። ተገላገልን አልኩ። እናቴ ወደ እኔ ዞራ ሳቀች፤ ጥርሷን ካየሁት ስንት ጊዜዬ!

ውጤት ከመነገሩ በፊት የክብር እንግዳው ንግግር ያደርጋሉ ተባለ። ከላይ የመጡ ካድሬ ናቸው፤ ካኪያቸው ገና ከመተኮሻ የወጣ ይመስላል። ወንድሜ ቆርቆሮውን ይዞ ወደ ጓሮ ወጥቷል። ለእንግዳው ቦታ ለመልቀቅ ብለው ሞንታርቦውን የገፉት ሰዎች ደግሞ አፉን ወደ ማይክራፎኑ አዙረውታል። እኔ ከመድረኩ ጎን ሆኜ አየሁት፤ ግን ነገሩ እስኪገባኝ ድረስ ሰውየው ማይክራፎኑን ጨብጠው ነበር።

"ጓዶች!"

ሲይይይይይ አለ።

እናቴ ብድግ አለች። ግራ እጅ፣ የተጨበጠ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ። "ይውደም!"

ቀበሌው በሙሉ ብድግ አለ። "ይውደም!"

እንግዳው ፈገግ አሉ። የሚያውቁት መፈክር መስሏቸዋል። እሳቸውም እጃቸውን አንስተው፣ አፋቸውን ማይክራፎኑ ላይ ለጥፈው፣ "ይውደም!" አሉ። ሲይይይይይ። "ይውደም!" አለ ሕዝቡ። ደግመው ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሲይይይይይ፤ "ይውደም!" አሁን ፈገግታቸው ከአንድ ጎን መውረድ ጀመረ። ማይክራፎኑን በእጃቸው ሸፍነው ወደ ሊቀመንበሩ ዞሩ። ማይክራፎን በእጅ ሲሸፈን እንደሚብስበት አላወቁም፤ የሚሉት ሁሉ በፉጨቱ መሃል ለአዳራሹ ተሰማ።

"ማነው የሚወድመው?"

"ፉጨቱ ነው፣ ጓድ" አለ ሊቀመንበሩ፤ ላቡ ጠብ ጠብ ይላል።

"ፉጨቱ ማነው?"

"ኢምፔሪያሊዝም።"

"ከኔ አፍ የወጣው?"

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ። የሒሳብ አስተማሪው ነበር፤ ለካ አይተኛም ኖሯል። ከዚያ ሁሉም ሳቀ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እኔም ሳቅሁ፤ ሆዴን ይዤ ነው የሳቅሁት። ያልሳቀች እናቴ ብቻ ነበረች። እጇን እንዳነሳች ቆማለች፤ ምን እንዳጠፋች እየፈለገች አንዴ ሊቀመንበሩን፣ አንዴ እንግዳውን ታያለች። ቀስ ብላ ወደ እጇ አየች፣ ግራ መሆኑን ልታረጋግጥ።

ኪነታችን ፈረሰ። በዚያው ሳምንት ወንድሜን ከጋራዡ ወሰዱት። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ መጋዘን ውስጥ ከሌሎች ልጆች ጋር ዘጉበት፤ መኪኖቹ ሲሞሉ ወደ ማሰልጠኛ ይጫናሉ ተባለ። እናቴ ስንቅ ቋጥራ ሄዳ ከሩቅ አየችው፤ አናገረኝ አላለችም። ስትመለስ፣ "በኔ እጅ ነው" አለች። "በገዛ እጄ ነው።" ኧረ እማዬ፣ ኧረ እንዲያ አትበዪ ብላት አትሰማኝም። ጎረቤቶች ሊያጽናኑ ሲመጡ አታለቅስም። ግራ እጇን ቀኝ ብብቷ ውስጥ ደብቃ ትቀመጣለች። ያን ጊዜ የተሰማኝን ንዴት በምን ልንገራችሁ? ያን ካድሬ፣ ያን ልብስ ሰፊ፣ ያን በርሜል፣ ወንድሜንም ጭምር፣ ሁሉንም ጠላኋቸው።

ከቤታችን ፊት ለፊት ግን አንድ ምሰሶ ነበረ፤ ጫፉ ላይ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ። ጠዋት ጠዋት ማርሽ ያሰማል፣ ከዚያ ማስታወቂያ። ዱሮም አመለኛ ነበር፤ እንዳያፏጭ እየወጣ የሚያባብለው ወንድሜ ነው። እሱ በሄደ በሁለተኛው ይሁን በሦስተኛው ጠዋት፣ ማጉያው ገና ሲከፈት ሲይይይይይ አለ።

እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። ግራ እጇ ከብብቷ ወጣ።

"ይውደም!"

ሰፈሩ ዞር አለ። እኔ አበደች ብዬ ሮጬ ያዝኳት። ፊቷን ሳየው ግን እብደት አልነበረበትም፤ ዱሮ የበሩን ማጠፊያ ዘይት ስትቀባ የነበራት ፊት ነው። በማግስቱም እንዲሁ። ማጉያው ያፏጫል፣ እናቴ "ይውደም!" ትላለች፣ ቀጥሎ የሊቀመንበሩ ድምፅ "ጓዶች፣ እንደምን አደራችሁ" ይላል። ቅደም ተከተሉን እዩልኝ! በሦስተኛው ቀን፣ ያኔ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የመጡት ሴትዮ ከደጃቸው ሆነው ተቀበሏት። ቀጥሎ ባለጋሪው። ቀጥሎ የጋራዡ ሰዎች። ሳምንቱ ሳያልቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ሰፈር፣ ሊቀመንበሩ ሊናገር ሲል በአንድ ድምፅ ይውደም ይልለታል። ፈረሱ ብቻ እንደ ልማዱ ይሸሻል።

ሊቀመንበሩ ቤታችን መጣ። ያለ አብዮት ጠባቂ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ።

"እትዬ፣ እባክዎን ይተዉት።"

"ምኑን ነው የምተወው?"

"ይውደም ማለቱን።"

እናቴ ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። "ኢምፔሪያሊዝም ይኑር ልበል?"

"ኧረ! ኧረ እንደሱ አላልኩም!" ወደ በሩ ዞሮ አየ፣ ሰው እንዳይሰማው።

"ታዲያ ሲያፏጭ ምን ልበል? ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ብድግ በሉ አሉ፣ ብድግ አልኩ። ግራ አሉ፣ ግራ አነሳሁ። አሁን ሲያፏጭ ዝም በይ ካሉኝ፣ እሁድ በስብሰባ ላይ ለሁሉም ይንገሩና ዝም እንላለን።"

ሰውዬው በርጩማ ላይ ቁጭ አለ። "ከላይ ሊሰሙ ነው። ሰው አስጠርቼ አስነካሁት፣ ጭራሽ ባሰበት። ልጅዎ በራሱ መላ ያሰረው ሽቦ ነው፣ ማን ይፍታው?"

"እሱማ ያለበትን ያውቁታል" አለች እናቴ። "የዘጉበት እርስዎ አይደሉ?"

ሊቀመንበሩ ለማን ምን ብሎ እንዳሳመነ አላውቅም። ለቀበሌው ቅስቀሳ የግድ የሚያስፈልግ ባለሙያ ነው ተብሎ፣ መኪኖቹ ሊጫኑ ትንሽ ሲቀራቸው፣ ወንድሜ ራሱን ተላጭቶ፣ ቅማል ይዞ፣ በእግሩ እየተራመደ ሰፈር ገባ። ቁጥሩ ግን መሙላት ነበረበት። በሱ ቦታ የማን ልጅ እንደተጫነ አልተነገረንም። እናቴም አልጠየቀችም፤ ግን ከዚያ ወዲህ ቤተክርስቲያን ስትሄድ ሁለት ሻማ ታበራ ነበር፣ ሁለተኛው ለማን እንደሆነ ማንም አይጠይቃትም። እኔም እዚህ ላይ መቀለድ አልችልም።

በነጋታው ሊቀመንበሩ መሰላል አስመጣ። ወንድሜ ካቻቪቴውን ኪሱ ከትቶ፣ ፒንሳውን በጥርሱ ነክሶ ወጣ። እናቴ መሰላሉን ይዛለች፤ እኔ እናቴን። ሊቀመንበሩ ራቅ ብሎ ጥላ ሥር ቆሟል። ወንድሜ ላይ ሆኖ ትንሽ ከነካካ በኋላ ሳቀ።

"አገኘኋት እማዬ! ይቺ ሽቦ ናት። አንዴ ካጠበቅኳት ዳግመኛ አታፏጭም።"

እናቴ ወደ ሊቀመንበሩ ዞር ብላ አየች። ከዚያ መሰላሉ ላይ አንድ እርከን ወጣች፤ የበር ሲጥታ እንኳ የማትታገሥ ሴት፣ አፏን ወደ ልጇ እግር አስጠግታ አንሾካሾከች።

"አታጥብቃት።"

"ምን አልሽኝ?"

"ትንሽ ተውላት፣ በሞቴ። ጨርሳ ዝም ካለች፣ ይኼ ልጅ ምን ይሠራል ብለው ይወስዱሃል።"

ወንድሜ ሊስቅ አፉን ከፈተ፣ ሳይስቅ ቀረ። ካቻቪቴውን እንደገና አስገባና፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ ትንሽ አላላት።

ያ ማጉያ ደርግ እስኪወድቅ ድረስ አልዳነም። አንድ ሳምንት ይሻለዋል፣ ደግሞ ያመዋል። ሊቀመንበሩ ይጠራል፣ ወንድሜ መሰላል ይወጣል፣ አፈሳው ሲመጣ "ይህ የኔ ባለሙያ ነው" ይባላል። ጠዋት ጠዋት እናቴ ሳትለብስ ሳትቀባ በሩን ከፍታ ትቆማለች። ጥጥ የለም፣ ጆሮዋን አቅንታ ትጠብቃለች። ማጉያው ሲከፈት ቀጭን ፉጨት ትመጣለች፣ የልጅ ትንፋሽ የምታክል። እናቴ ግራ እጇን ከወገቧ ከፍ ሳታደርግ፣ በለሆሳስ፣ "ይውደም" ትላለች። ከዚያ ወደ ጓዳ ትመለስና ብርድ ልብሱን ተከናንቦ የተኛውን ወንድሜን ትከሻውን መታ ታደርገዋለች።

"ተኛ ልጄ፣ ተኛ። ዛሬም አፏጭታለች።"